የማዞሪያው ጽሑፍ የጠፋበት ራዲዮ

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ ስለ ድሮ የጠረጴዛ ራዲዮዎች አጠር ያለ ነገር ጽፌ ነበር። እነዚያ ከመደርደሪያ ላይ የማይወርዱ፣ ዳንቴል የለበሱ ባለ እንጨት ሳጥኖች ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ የደረሰኝ ጥያቄ ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፦ "ይቺ ማዞሪያ የምንድን ናት?" አብዛኛው የመጣው ከዚሁ ከጅማ ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለማዞሪያ ብቻ ሰጥቼዋለሁ። ሌላ ጥያቄ የላካችሁ ትንሽ ታገሡኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። አያቴ ትታልን ያለፈች ራዲዮ አለች። ፊቷ ላይ አራት ማዞሪያ አለ፣ ጽሑፍ ግን የለም። መስታወቱ ላይ ድሮ ቁጥርና የከተማ ስም ነበረበት፤ እህቴ ለበዓል ቤት ስታጸዳ አውልቃ በዱቄት ሳሙና አጠበችውና ሁሉም ተጠርጎ ሄደ። ሰክቼ አንድ በአንድ ልሞክር ወይ? (ከመንቲና)

መልስ፦ ኧረ አትሰካት! ለዓመታት ያልበራ ራዲዮ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ አጠራቅመው የሚይዙት ክፍሎች) ያረጃሉ፣ በተለይ የወረቀቶቹ እርጥበት ይጠጣሉ። የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ጫማ የሚሻግትበት አገር ነው። እንዲህ ያለች ራዲዮ ላይ 220 ቮልቱን በአንድ ጊዜ ብትለቅባት ጭስ ልታይ ትችላለህ፣ ከባሰም ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። ነገሩን የሚያውቅ ጠጋኝ መጀመሪያ የድሮውን ዓይነት የሚሞቅ አምፖል በመስመሩ መሃል አስገብቶ ነው የሚሞክራት። ውስጧ ሾርት ካለ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል እንጂ ራዲዮዋ አትነድም።

ደግሞም ለመለየት መሰካት አያስፈልግህም። ጽሑፉ ቢጠፋም እጅ ይለየዋል። እያንዳንዱ ማዞሪያ የራሱ አዟዟር አለው። ስፒናውን ንቀልና አንድ በአንድ እየያዝክ በቀስታ ወደ ግራ እስከ ጥጉ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ አዙር።

ግራ ጥግ ሲደርስ ትንሽ እምቢ ብሎ "ቀጭ" የሚለው ማብሪያና ማጥፊያው ነው። ብዙውን ጊዜ ድምፅ መጨመሪያውም እሱው ነው። ብዙውን ጊዜ ያልኩህ ግን ወድጄ አይደለም፤ አንዳንድ ፋብሪካ ማጥፊያውን ከቶን፣ ማለትም ከድምፅ ቃና ማስተካከያው ጋር ነው ያጣመረው። ያኔ ድምፁን ባስቀመጥክበት ትተህ ታጠፋለህ፣ ሲበራም እዚያው ታገኘዋለህ። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

አዙረህ አዙረህ ቶሎ የማያልቅልህ ደግሞ ጣቢያ መፈለጊያው ነው። ከጥግ እስከ ጥግ ለመድረስ በርካታ ዙር ይፈጃል። እየዞረ ሳለ መስታወቱ ኋላ ያለው ጠቋሚ አብሮ ይሄዳል። ደህና በሆኑት ራዲዮዎች ከዘንጉ ጋር ከበድ ያለ ብረት ስላለ፣ ገፋ አድርገህ ብትለቀው ጣትህን ካነሳህም በኋላ ትንሽ ይሽከረከራል። ማዞሪያው እየዞረ ጠቋሚው ዝም ካለ ክሩ ላልቷል ወይም ተበጥሷል ማለት ነው። እዚያ ላይ አቁም። ባዞርከው ቁጥር ክሩ ዘንጉ ላይ እየተጠመጠመ ለጠጋኙ ሌላ ሥራ ይፈጥራል። ዘይት ደግሞ እንዳታስነካው፣ ክሩ የሚሠራው ስለሚይዝ ነው፤ ዘይት ከነካው ይንሸራተታል።

ሦስተኛው ጠንከር ብሎ፣ ደረጃ በደረጃ "ቋ… ቋ…" እያለ የሚዞረው ነው። ሦስት፣ አራት፣ አምስት ቦታ ላይ ይቆማል። ሞገድ መምረጫው ነው፤ መካከለኛ ሞገድ፣ አጭር ሞገድ፣ እንደዚያ እያለ ይሄዳል። ለብዙ ጊዜ ካልተነካ በግድ ሊዞር ይችላል። ጉልበት አትጨምርበት።

የቀረው፣ ያለ ምንም ድምፅ ለስለስ ብሎ የሚዞርና ሙሉ ዙር ሳይሞላ የሚቆመው፣ ቶኑ ነው። ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ያስተካክላል። አንዳንድ ራዲዮ ላይ ግን ቶኑም ሁለት ሦስት ደረጃ አለውና ከሞገድ መምረጫው ጋር ያምታታል። ያኔ መፍትሔው ከኋላ ማየት ነው።

የኋላውን ክዳን ስትከፍት ስፒናው የተነቀለ፣ እጅህ ደግሞ ኪስህ ውስጥ ይሁን። ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉና በዓይን ብቻ ተመልከት። ከእያንዳንዱ ማዞሪያ የሚገባውን ዘንግ ተከተል። አንዱ ዘንግ ክር ተጠምጥሞበታል፣ ክሩ ትልቅ ጎማ መሰል ነገር ያዞራል፣ ያ ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚገባቡ ስስ የብረት ቅጠሎችን ያንቀሳቅሳል። ጣቢያ የሚይዘው ያ ነው፤ አንዷ ቅጠል ብትጣመም ጣቢያው ሁሉ ቦታውን ይስታል። ሌላው ዘንግ ክብ ትንሽ ቆርቆሮ ውስጥ ይገባል፣ ቆርቆሮዋ ጎን ላይ ሦስት እግር በተርታ አለ። ድምፅም ቶንም እንዲህ ነው የሚመስሉት። ጀርባዋ ላይ ተጨማሪ ሁለት እግር ካላት ማጥፊያው ያለው እሷ ላይ ነው። የመጨረሻው ዘንግ ረጅም ነው፤ በላዩ ክብ ክብ ሳህኖች ተደርድረው ዙሪያቸውን በሙሉ ሽቦ ተሸክመዋል፣ የወፍ ጎጆ ነው የሚመስለው። ሞገድ መምረጫው እሱ ነው፣ ከዚህ በኋላ አይጠፋህም።

የታጠበው መስታወት ግን አይመለስም። ሌሎቻችሁ ስሙ፦ ቁጥሩና የከተማው ስም የተቀባው በመስታወቱ የውስጥ ገጽ ላይ ነው። ቀለሙ አርጅቷል፣ ውሃ ሲነካው ይረግፋል። ቡና ሲቆላ የሚወጣው ጭስ የሚያጠቁረው የውጭውን ገጽ ነው፣ እሱን በረጠበ ጨርቅ ጥረጉት። ውስጡን ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ካልሆነ ምንም አታስነኩት።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። የኛ ራዲዮ የጀርመን ነው። ከታች እንደ ፒያኖ የሚጫኑ ነጫጭ ቁልፎች አሉት። አንዱ ላይ "አውስ" ይላል፣ ቀጥሎ "ቲ ኤ"፣ ከዚያ "ዩ"፣ "ኬ"፣ "ኤም"፣ "ኤል" የሚሉ የፈረንጅ ፊደሎች አሉ። የቀኝ ማዞሪያው ደግሞ ድርብ ነው፣ ትልቁ ላይ ትንሽ ተደርባለች። ባለቤቴ አንዱ ተበላሽቷል ይላል፣ እኔ ደግሞ ሁለቱም ይሠራሉ እላለሁ። (ከቆጪ)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህቴ። ክርክሩን አሸንፈሻል ማለት ይቻላል፣ ግን ቆይ።

"አውስ" ማጥፊያው ነው፣ ሲጫን ራዲዮው ይጠፋል። እንዲህ ባለው ራዲዮ ሌላ ማብሪያ ላይኖር ይችላል፤ ከሞገዶቹ አንዱን ስትጫኚ "አውስ" ብድግ ይልና ራዲዮው ይበራል። "ቲ ኤ" የሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ነው። እሱ ተጭኖ ከቀረ ጣቢያ አይመጣም፣ ሰውም ራዲዮው ሞተ ብሎ ወደ ጠጋኝ ይሸከመዋል። "ዩ" ኤፍ ኤም ነው፣ ጀርመኖቹ ኡ ካ ቬ ነው የሚሉት። "ኬ" አጭር ሞገድ፣ "ኤም" መካከለኛ፣ "ኤል" ረጅም ሞገድ። ረጅም ሞገድን እርሺው፣ የአውሮፓ ነገር ነው፤ እኛ ጋ ከሹሹታ በቀር ምንም አይሰማበትም።

ድርቡ ማዞሪያ፦ በብዙዎቹ የጀርመን ራዲዮዎች አንዱ የኤፍ ኤም ጣቢያ ይፈልጋል፣ ሌላው የመካከለኛና የአጭር ሞገድ። መስታወቱ ላይም ሁለት ጠቋሚ ይኖራል። "ዩ" ተጭኖ ሳለ የሌላውን ሞገድ ማዞሪያ ብታዞሪ ጠቋሚው ይሄዳል፣ ድምፁ ግን አይለወጥም። ባለቤትሽ ተበላሸ ያለው ይህንን መሰለኝ። የግራውም ድርብ ከሆነ ብዙውን ጊዜ አንዱ ድምፅ፣ ሌላው ቶን ነው።

"ፌሪት" የሚል ወይም የቀስት ምልክት ያለበት ማዞሪያ ካገኘሽ ደግሞ የውስጥ አንቴናውን የሚያዞር ነው። የሚሠራው በመካከለኛና በረጅም ሞገድ ላይ ብቻ ነው። ሌላ ጣቢያ ገብቶ ሲረብሽ ረባሹ እስኪደክም በቀስታ ታዞሪዋለሽ። "ሽፕራኸ" የሚል ቁልፍም ሊኖር ይችላል። ለንግግር ነው፣ ወፍራሙን ድምፅ ቀነስ አድርጎ የዜና አንባቢውን ቃል ያጠራዋል። ለሙዚቃ አጥፊው።

እግረ መንገዴን፣ ጅማ ውስጥ የጣሊያን ራዲዮ ያላቸውም አሉ። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረበት ጊዜ ከተማችንን የአንድ ትልቅ ግዛት መቀመጫ አድርጓት ስለነበር አይገርምም፣ ከዚያ በኋላ የመጣም ብዙ ነው። በጣሊያኑ "ኦ ኤም" መካከለኛ፣ "ኦ ሲ" አጭር፣ "ኦ ኤል" ረጅም ሞገድ፣ "ፎኖ" የሸክላ ነው። የፈረንሳዩ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። "ፒ ኦ" የሚለው መካከለኛ ሞገድ ሆኖ ሳለ አጭር ይመስላል። አጭሩ እዚያም "ኦ ሲ" ነው፣ ረጅሙ ደግሞ "ጂ ኦ"።

ጥያቄ፦ ራዲዮዬ ኤፍ ኤም አለው፤ ከከተማው ጣቢያዎች ግማሹን ጥርት አድርጎ ይይዛል፣ ግማሹን ጨርሶ አያውቀውም። የትኛውን ማዞሪያ ላስተካክል? (ከአጂፕ)

መልስ፦ የትኛውንም። መስታወቱ ላይ ኤፍ ኤሙ የት እንደሚያልቅ እይ። በ1950ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር የተሠሩት የጀርመን ራዲዮዎች 87 ተኩል ገደማ ጀምረው 100 ሜጋኸርዝ ላይ ይቆማሉ፣ ትንሽ ቆየት ብለው የመጡት 104 ይደርሳሉ። የዛሬው ኤፍ ኤም እስከ 108 ነው። የራዲዮህ ቁጥር ከሚያልቅበት በላይ ያለ ጣቢያ ማዞሪያውን ብትሰብረውም አይመጣም። የሶቪየቱ ራዲዮ ደግሞ የባሰ ነው፤ የእሱ ኤፍ ኤም ከ65.8 እስከ 73 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ከኛ ጣቢያዎች አንዱንም አያገኝም። ለአጭርና ለመካከለኛ ሞገድ ግን ጎበዝ ነው።

መስታወቱ ላይ ከ2 እስከ 40 ምናምን የሚሄድ ቁጥር ካየህ ሜጋኸርዝ አይደለም፣ የጀርመን ቻናል ቁጥር ነው። ቁጥሩን በ0.3 አባዛና 87 ጨምርበት። 30 ማለት 96 ሜጋኸርዝ ነው።

ጥያቄ፦ የኔ ላይ ደግሞ 16፣ 19፣ 25፣ 31፣ 41፣ 49 የሚል አለ። አባቴ "31 ላይ አድርጉልኝ" ይሉ ነበር። ምንድን ነው? (ከቦሳ)

መልስ፦ አባትህ አዋቂ አድማጭ ነበሩ። የአጭር ሞገድ ሜትር ባንዶች ናቸው። 300ን ለሜትሩ ስታካፍለው ሜጋኸርዙ ይመጣልሃል፤ 31 ሜትር ወደ 9.7 ሜጋኸርዝ ነው፣ 49 ደግሞ ወደ 6.1። ያኔ በአማርኛ የሚተላለፈውን ከሩቅ የሚሰሙት እዚህ ሰፈር ነበር፤ የጀርመኑ ራዲዮ ዶይቼ ቬለ እንኳ የአማርኛ ሥርጭቱን የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ደግሞ ብሥራተ ወንጌል ነበር፣ 1955 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ደርግ እስኪወርሰው ድረስ። ቀን ቀን ትንንሾቹን ሜትሮች፣ 16ንና 19ን ሞክር። ማታ 41ና 49 ይሻላሉ። ለዚህ ግን ረዘም ያለ የሽቦ አንቴና ያስፈልጋል፣ ኋላ ያለው የአንቴና ቀዳዳ የተሠራው ለዚሁ ነው። ሲያጓራና ሲያስገመግም ግን ንቀለው፤ የጅማ መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

ጥያቄ፦ አረንጓዴ የሚበራው ዓይን ማዞሪያ ነው ወይስ መብራት? (ስም የለውም)

መልስ፦ አይዞርም፣ ግን እንደ መብራት ብቻ አትየው። ጣቢያው በደንብ መያዙን የሚያሳይ ቲዩብ፣ ማለትም እየሞቀ የሚሠራ የመስታወት ቱቦ ነው። ጣቢያ ስትፈልግ ጥላው እየጠበበ ይሄዳል፣ በጣም ሲጠብ ልክ ላይ ነህ ማለት ነው። ከደበዘዘ አርጅቷል፤ ራዲዮው ያለ እሱም ይሠራል። ዓይኑ ወዲያው አይበራም፣ ድምፁም እንደዚያው፤ ቲዩቦቹ እስኪሞቁ ግማሽ ደቂቃ ገደማ ጠብቅ። ቸኩለህ ድምፁን እስከ ጥግ ከጨመርክ በኋላ ሲፈነዳብህ ጎረቤት ይሰማል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እኔ ሽማግሌ ነኝ። የራዲዮኔ የድምፅ ማዞሪያ ወልቃ ጠፋች። የቀረውን ብረት በፒንሳ እየያዝኩ አዞራለሁ። አንዳንድ ቀን ይነዝረኛል፣ አንዳንድ ቀን ምንም የለም። ከእርጅና ነው ይሉኛል። (ከሂርማታ)

መልስ፦ አባቴ፣ ከእርጅና አይደለም፣ እባክዎ ከዛሬ ጀምሮ አይንኩት! ራዲዮው እስኪጠገን ስፒናው ተነቅሎ ይቀመጥ። ከዛሬው ደብዳቤ ሁሉ ያስደነገጠኝ የእርስዎ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብዙ የድሮ ራዲዮዎች ከመስመሩ የሚለያቸው ትራንስፎርመር የላቸውም። አንደኛው የመስመር ሽቦ በቀጥታ ከውስጡ የብረት አካል ጋር ይገናኛል። ስፒናው በሁለቱም በኩል ስለሚገባ ባንዱ አሰካክ ብረቱ ኤሌክትሪክ አለው፣ ሲገለበጥ የለውም። አንዳንድ ቀን ነዝሮ አንዳንድ ቀን የሚተውዎት ለዚህ ነው። ፕላስቲኳ ማዞሪያ ለጌጥ ብቻ አልነበረችም፣ እጅዎን የምትጠብቀው እሷ ነበረች። በጎን በኩል የምታጣብቃት ትንሽ ብሎን እንኳ በሰም የምትደፈነው ጣት እንዳይነካት ነው።

ጠጋኙ ከቲዩቦቹ ስም ይለየዋል። ስማቸው በ"ዩ" የሚጀምር ከሆነ፣ እንደ ዩ ሲ ኤች 81፣ ዩ ኤል 84፣ ዩ ዋይ 85፣ ራዲዮው ከዚህ ወገን ነው። በ"ኢ" የሚጀምሩት ብዙውን ጊዜ ትራንስፎርመር ካላቸው ጋር ነው የሚገኙት። ግን ትራንስፎርመር ስላየሁ ሰላም ነው አይበሉ፤ አንዳንዱ ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ከመስመሩ አይለይም። ሁሉንም ኤሌክትሪክ እንዳለው አድርጎ መያዝ ነው።

ማዞሪያዋን ገበያ ላይ ቢያጡ ጅማ እንጨት ሠሪ አይቸግራትም። በርጩማ የሚሠራልዎት ሰው ከዋንዛ ያወጣልዎታል፣ ደረቅ እንጨት ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ብሎን ካስገባበት ግን ጫፏ ጠልቃ ትደፈን። የዘንጉን ውፍረት ስፒናው ተነቅሎ ያስለኩ። የአውሮፓው አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የእንግሊዝና የአሜሪካው 6.35። ልዩነቷ ትንሽ ናት ግን የአንዱ ማዞሪያ በሌላው ላይ ወይ ይወዛወዛል ወይ ጨርሶ አይገባም። የቀሩትን ማዞሪያዎች ለናሙና ማውለቅ ካስፈለገ በካቻቢቴ አይፈልቅቋቸው፣ ሳጥኑን ይልጣል። መጀመሪያ ጎናቸው ላይ ብሎን ካለ ይላላ፣ ከዚያ ቀጭን ጨርቅ ከማዞሪያው ኋላ አዙሮ ሁለቱን ጫፍ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው።

ጥያቄ፦ ከኋላ ትንሽ ክብ ነገር አለች፣ 110፣ 125፣ 160፣ 220 ተጽፎባታል፣ በሳንቲም ትዞራለች። ቶን ናት? (ከጅሬን መንገድ)

መልስ፦ ቶን አይደለችም፣ የቮልት መምረጫ ናት። 220 ላይ ትሁን፣ ከዚያ ማንም አይንካት፣ በተለይ ልጆች። 125 ላይ ሆና የኛ መስመር ላይ ብትሰካ ራዲዮዋን ታቃጥላለህ።

ጥያቄ፦ ጋሼ "ቲ ኤ" በሚለው ቀዳዳ ስልኬን ላገናኝና ዘፈን ላጫውት እችላለሁ? (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

መልስ፦ ሐሳቡ ያምራል፣ ድምፁም ያምራል። ግን ከላይ ለአባታችን የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ። ራዲዮው ከመስመሩ የማይለይ ከሆነ ያ ኤሌክትሪክ በገመዱ በኩል እስከ ስልክህ፣ ከስልክህም እስከ ጆሮ ማዳመጫህ ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ጠጋኝ በቴስተር ይየውና የሚለይ ትራንስፎርመር እንዳለው ያረጋግጥልህ። ካለው፣ በራሱ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ የብሉቱዝ መቀበያ አገናኝተህ ስልክህን በእጅህ ይዘህ ራቅ ብለህ ማጫወት ነው። የግራና የቀኙን ድምፅ ወደ አንድ የሚያመጣውን ሥራም ለጠጋኙ ተውለት፤ ሁለቱን ሽቦ ዝም ብለህ አትጠምዝዛቸው። ከሌለው "ቲ ኤ"ውን ተወውና አጭር ሞገዱን አድምጥበት።

ለሚቀጥለው እትም ፎቶ የምትልኩ ሰዎች፣ የፊቱን ብቻ ሳይሆን የኋላውንም ክዳኑ ተከፍቶ፣ ስፒናው ተነቅሎ አንሱት። ቲዩቦቹ ላይ ያለው ጽሑፍ እንዲነበብ ቀረብ በሉ፣ ግን አትንኳቸው።